በፋኖስ የተሠራ መድኃኒት

ሰሞኑን አንዲት የላብራቶሪ ተማሪ «ዕቃ በሌለበት አገር ምን ምርምር ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁመራ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነርስ ነበርኩ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ አንድ ልጅ ካላዛር የሚባል በሽታ ይዞት መጣ። እነዚህ ልጆች ማታ ግራር ሥር ነው የሚያድሩት፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም እዚያው ናት። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ፣ ጣፊያው አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ ነበር። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። በየቀኑ አንቲሞኒ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ መርፌ እወጋዋለሁ፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። መብላት ሲጀምር ወሬ አመጣ። ስለ እናቱ፣ ስለ በሬያቸው ያወራኛል። አንድ ቀን «ይህን መድኃኒት ያገኘው ማነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። በተማርንበት ኮሌጅ የነገሩን መጠኑን ብቻ ነው። የሰውየውን ታሪክ ሳገኝ ልጁ ድኖ አገሩ ገብቷል። ሳልነግረው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ ይባላል፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1873 የተወለደ ቤንጋሊ ሐኪም። ሒሳብና ኬሚስትሪም ተምሯል። ካላዛር ሕንድ ውስጥ በአሳምና በቤንጋል ሕዝብ ሲፈጅ፣ የነበረው የአንቲሞኒ መድኃኒት ራሱ መርዛም ነበር፣ ሕክምናውም ይረዝማል። ካልካታ በሚገኘው ካምቤል ሆስፒታል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ጋዝ የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ፣ የኤሌክትሪክ መብራት የለ። ቀን ሲያክም ውሎ ማታ በፋኖስ ይሠራል። እዚያች ክፍል ውስጥ ዩሪያ ስቲባሚን የተባለውን የካላዛር መድኃኒት ሠራ፤ ውጤቱን በ1922 አሳተመ። የእኛ መርፌ ከእሱ በኋላ የመጣ ነው፣ መንገዱን የጠረገው ግን እሱ ነው። በ1929 ለኖቤል ታጨ፤ አልሰጡትም። ይህ ያንገበግበኛል።

ጊዜ አክብሩ፣ አንብቡ አልላችሁም፤ ቤት ተነግሯችኋል። ግን የዛሬ ልጆች ማሽን ካልተገዛላችሁ እጃችሁን አታነሡም። ማይክሮስኮፕ ላይ ረጋ ብሎ የሚቀመጥ እያጣሁ ነው። ባለው ዕቃ ጀምሩ።

ደግሞ በፋኖስ ሥሩ ማለቴ አይደለም። መብራትና ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ጠይቁ፣ አለቆቻችሁን ጨቅጭቁ። ብራህማቻሪ ደህና ላብራቶሪ ቢኖረው ስንቱ ቶሎ በዳነ!

ሥራውም አላለቀም። አንቲሞኒ ልብና ቆሽት ይጎዳል። በመተማና በሁመራ ኤችአይቪም ያለባቸው የካላዛር ሕሙማን፣ ዳኑ ሲባል በሽታው ይመለስባቸዋል። ለእነሱ ሳይጎዳ የሚያድን፣ እንዳይመለስም የሚያደርግ መድኃኒት ገና ይፈለጋል። ከእናንተ አንዱ ይህን ቢይዝልኝ ደስታዬ ነው።