የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰባት የቡና ጎረቤታሞች ባሕር ሊያዩ

ጥያቄ

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤት ደርሶን ከገባንበት ጊዜ አንሥቶ ቡና በየተራ የምንጠራራ ሰባት ጎረቤታሞች ስንሆን፣ አምስታችን ክርስቲያኖች፣ ሁለታችን ሙስሊሞች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት አንዷ ቡና እያፈላች «የከተማው ዳር ላይ ተቀምጠን የባሕር ዳር ሳናይ ልናረጅ ነው» ብላ በቀልድ የተናገረችው ቃል ቁም ነገር ሆነና፣ ከመደበኛው እቁባችን ለይተን በየወሩ 4,000 ብር ማስቀመጥ ጀመርን። አሁን 24 ወር ስለሞላ የእያንዳንዳችን ድርሻ 96,000 ብር ደርሷል፤ ያሰብነውም ለዐሥር ቀን ነው።

ይሁን እንጂ መስማማት አቅቶናል። ሁለቱ ለመገበያየት ስለሚመች ዱባይ ካልሆነ ይላሉ፤ ሌሎቻችን ኬንያ ሄደን የዱር አራዊትና ባሕር ማየት እንፈልጋለን። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አንዷ ጓደኛችን ሥራዋን በማጣቷ ያለፉትን አምስት ወራት ሳትከፍል መቅረቷ ነው፤ ድርሻዋ 76,000 ብር ላይ ቆሟል። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ልጆቻችሁን እጠብቃለሁ» ትለናለች። እኛ ግን የጎደለውን 20,000 ብር ስድስታችን ተካፍለን ልንሞላላትና ለእርሷ «ቲኬቱ ረከሰ» ልንላት ተማክረናል። ይህ አግባብ ነው? መቼስ ብንሄድ ይሻላል፣ ጾሙንስ እንዴት እናድርገው? ገንዘቡንስ ማን ይያዝ?

የሰባቱ ጸሐፊ፣ ከየካ አባዶ

መልስ

ውድ እኅታችን፣

ጓደኛችሁን ከሚመለከተው ልጀምር፤ የቀረው ጥያቄ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁና። «ቲኬቱ ረከሰ» የሚለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ስድስት ሰው የሚያውቀው ምስጢር ቦሌ እንኳ ሳይደርስ ይወጣል፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ቢሰማ ደግሞ ከምግብ ዝርዝሩ ርካሹን ስትፈልግና «ለእኔ ሻይ ይበቃኛል» ስትል ቀኖቹን ትጨርሳቸዋለች፤ እናንተም እርሷን ስታባብሉ ያያችሁትን ሳታዩት ትመለሳላችሁ። «ልጆቻችሁን እጠብቃለሁ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሄድ ያልፈለገ ሳይሆን፣ መለመን ያልፈለገ ሰው ነው።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የጓደኛችሁን ገንዘብ ለጉዞው ልክ ከማሳደግ ይልቅ ጉዞውን በእርሷ ገንዘብ ልክ አሳጥሩት። የአየር ቲኬቱን ዋጋ ጠይቃችሁ ከ76,000 ብሩ ላይ ቀንሱና የቀረው ለስንት ሌሊት እንደሚበቃ አስሉ፤ ዐሥሩ ቀን ስድስት፣ ወይም አምስት ቢሆን ቅር አይበላችሁ። ይህ ሲሆን ጓደኛችሁ የተደጎመች ሳትሆን እንደ ማንኛችሁም ድርሻዋን አሟልታ የከፈለች መንገደኛ ትሆናለች። ለስድስታችሁ የተረፈው 20,000 ብርም የየግላችሁ ሆኖ ይቀራል፤ ልብስና ሽቶ መግዛት ያማራቸው ሁለቱ በዚህ ይገበያዩበት። በመካከላችሁ ያሉት ሁለት ጠቦች በአንድ ውሳኔ ይበርዳሉ ማለት ነው። ይህንንም ከጀርባዋ ሳይሆን እርሷ ባለችበት፣ በቡናው ላይ ወስኑት።

ወደ ቦታው ምርጫ ስመጣ፣ ወገንተኛ መሆኔን አልደብቅም፤ እኔ ከኬንያ ጎን ነኝ። ዱባይ ቪዛ ይጠይቃል፤ እናንተ ዕረፍት የምታገኙበት ክረምታችን ደግሞ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ወቅት በመሆኑ፣ 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ኸሊፋን አንጋጣችሁ ካያችሁ በኋላ ቀኑን የምትውሉት በገበያ ማእከል ውስጥ ነው። ኬንያ ለመግባት ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርታችሁ ከስድስት ወር ያላነሰ ጊዜ የቀረው መሆኑን፣ በቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል የሚገጥም መሆኑን አረጋግጡ፤ የእኛ ስም በላቲን ፊደል በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ መልክ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው።

ስለ ወቅቱና ስለ ጾሙ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ላይ የሚመለስ ነው። በኬንያ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀለል ያለው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘንባል፤ የእኛ ሐምሌ ለናይሮቢ ዝናብ የሚያንስበትና የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ስለዚህ ከሐምሌ 6 እስከ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሄዳችሁ አምስታችሁ የምትጾሙት ረቡዕንና ዓርብን ብቻ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ዘግተዋል። ለእነዚያ ቀናት ደግሞ ስንቅ ተሸክማችሁ መሄድ አያሻችሁም። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት የእኛው ጎመን ነው፤ ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንከር ያለ ገንፎ፣ ጊዜሪ ደግሞ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው። ዘይት ይሁን ቅቤ የገባበት ግን ጠይቁ። ለሁለቱ ሙስሊም እኅቶቻችሁ ሞምባሳ ላይ ሐላል ምግብ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፤ ከተማው ራሱ የጥንት የስዋሂሊ ሙስሊሞች ከተማ ነው። ሹራብ ግን አትርሱ፤ ናይሮቢ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የሐምሌ ማለዳዋ ደመናማና ብርዳም ነው።

ቲኬቱን ስትቆርጡ መሄጃውን ወደ ናይሮቢ፣ መመለሻውን ከሞምባሳ ብታደርጉት የመልስ ጉዞ ድካም ይቀርላችኋል። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሥፍራ ሆኖ፣ አንበሳና አውራሪስ ከከተማው ፎቆች ሥር ሲሄዱ የሚታዩበት ነው። ማልዳችሁ በ12 ሰዓት ግቡ፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ አንበሳው ጥላ ውስጥ ስለሚተኛ አይታይም። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ስለማይፈጸም አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ክፈሉ። በዚህ ፓርክ ውስጥ ዝሆን አይኖርም፤ ነገር ግን በዳሩ እናቶቻቸው የሞቱባቸውን ግልገል ዝሆኖች የሚያሳድግ፣ ሼልድሪክ የሚባል ማሳደጊያ አለና ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ድረስ ወተት በጡጦ ሲጠጡ ማየት ይቻላል። እዚያም ቦታ የሚያዘው ቀደም ብሎ ነው።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በባቡር ሂዱ፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተ ሲሆን ጉዞው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ የጠዋቱን ባቡር ከያዛችሁ የጻቮን ፓርክ በቀን ብርሃን ስለምታቋርጡ፣ በአፈሩ ምክንያት ቀይ ቀለም የተቀቡ የሚመስሉ ዝሆኖችን ከመስኮት ልታዩ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሁለት አንበሶች የድሮውን ሐዲድ የሚዘረጉ ሠራተኞችን እየበሉ ሥራውን ያስቆሙት በዚሁ በጻቮ ነበር። ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ወጣ ብለው የተሠሩና ፍተሻቸው የጠበቀ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ «ሳ ታቱ» ቢሏችሁ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው እንጂ የፈረንጁ ሦስት አይደለም። በቲኬትና በሆቴል ወረቀት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጁ ነውና ባቡሩ 8፡00 የሚል ቢሆን ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን አሳስቶ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ታሪክ በየቤታችን ስለማይጠፋ፣ ጸሐፊዋ እርስዎ ሁሉንም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ገልብጠው ለሁሉም ያድሏቸው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1593 ፖርቹጋሎች መሥራት የጀመሩትና በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፎርት ጂሰስ ምሽግ ከባሕሩ አፍ ላይ ቆሟል። ወደ እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1541 ወታደሮች እየመራ የመጣው የክሪስቶቫው ዳ ጋማ አባት፣ ቫስኮ ዳ ጋማ፣ እ.ኤ.አ. በ1498 በዚህች ከተማ በኩል ያለፈ ሰው ነው፤ በትምህርት ቤት ያጠናችሁት ታሪክ ሌላኛው ጫፍ እዚህ ይገጥማችኋል። ከምሽጉ አጠገብ ባለው የጥንቱ ሠፈር ስትዘዋወሩ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ሃለር ፓርክን ለእናንተ በተለይ እመክራለሁ፤ ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ወጥቶበት ባዶ የቀረ ካባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ጉማሬና ቀጭኔ የሚኖሩበት ጫካ ሆኗል። በየከተማችን ዳር ተቆፍሮ የተተወውን ካባ እያየ ለሚኖር ሰው ይህ ከምሽጉ የበለጠ የሚያስገርም ይመስለኛል።

ስለ ባሕሩ ግን እውነቱን አውቃችሁ ሂዱ። በሐምሌ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ስለሚነፍስ ማዕበሉ ይበረታል፣ የባሕር ሣርም ዳርቻው ላይ ይከመራል፤ በፎቶግራፍ የሚታየው መስተዋት የመሰለ ውኃ ብዙ ጊዜ የሌላ ወቅት ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ዋና የማትችል ሁሉ የሚመለስበትን ሰዓት ከሆቴሉ ሠራተኛ ሳትጠይቅ አትግባ። እኔ ራሴ ባሕር ያየሁ ቀን ከማዕበሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ጨውነቱ ነበር፤ ሳላውቅ በአፌ ሙሉ ጠጥቼው ነበርና።

ከመነሣታችሁ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ አንዴ የተከተበች ግን ዕድሜ ልኳን ይበቃታል። ሞምባሳ ወባማ ስለሆነች፣ እንደ እኛ በደጋ የኖረ ሰውም ቶሎ ስለሚጠቃ፣ ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። ሌላው የሚዘነጋው ነገር ፌስታል ነው። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ በርበሬና ድርቆሽ በፌስታል ቋጥራችሁ ከሄዳችሁ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስታራግፉ ትገኛላችሁ። የግድ የምትወስዱት ካለ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፤ እንጀራ ናፍቋት የማታድር ካለች ደግሞ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ የሀበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እቁባችሁ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው ሁሉ ይህም ይኑረው። የጋራውን ገንዘብ አንዷ ትያዝ፣ ሌላዋ ትጻፍ፤ ያዧና ጸሐፊዋ አንድ ሰው ከሆኑ የታመነችውም ብትሆን ትታማለች። ማታ ማታ ከራት በኋላ የቀኑ ወጪ ይነበብ፤ ቅሬታ ያላት በዚያው ምሽት ትናገር እንጂ የካ አባዶ ይዛው አትመለስ። የውጭ ምንዛሬውን ከባንክ ግዙ፤ ብር እዚያ እመነዝራለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በኤምፔሳ፣ ማለትም በስልክ፣ መክፈል የተለመደ ስለሆነ አንዳችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጥታችሁ ለታክሲውም ለሻዩም በዚያ ብትከፍሉ፣ ቦርሳ በየመንገዱ ከመክፈት ትድናላችሁ። ስልክንም መሐል ናይሮቢ ላይ በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ አይበጅም።

ዱባይ ያሉት ሁለቱ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለብቻቸው ገበያ ቢወጡ አትከፉ፤ ሰባት ሰው ስድስት ቀን ሙሉ በአንድ ሰልፍ መሄድ አይችልም። ብቻዋን ግን ማንም አትቅር። የበረራው ሰዓት ሌሊት ከሆነ ከየካ አባዶ በየግል ታክሲ ከምትፈልጉ አንድ ሃይሩፍ ከዋዜማው ተከራዩ።

ሰባት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ሁለት ባለ ሁለት አልጋና አንድ ባለ ሦስት አልጋ ክፍል ያዙ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር በእጣ ይወሰን፣ ሞምባሳ ስትደርሱም እጣው እንደገና ይውጣ። የምታንኮራፋ ካለች ግን እጣው ከመውጣቱ በፊት ትናገር።