ሱዙኪ ዲዛየርን አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው የሚያማርረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ ለሥራ ጉዳይ በሳምንት ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። በፈረንጆች 2018 የተመረተ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያለው ሱዙኪ ዲዛየር ለመግዛት ቀብድ ልከፍል ስል ሐሳቤ ተከፋፈለ። በዲዛየር የራይድ ሥራ የሚሠራው ዘመዴ «ከእሱ የሚሻል የለም» ይላል። ጎረቤቴ «ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ የፊት እግሩም ዘወትር ይንኳኳል» ብላ ሸጣዋለች። የማውቀው መካኒክ ደግሞ «በዚህ ብር አሮጌ ቶዮታ ያሪስ ግዛ» ብሎኛል። መኪናው 78 ሺህ ኪሎ ሜትር ያነብባል፤ ሻጩ የቤት መኪና ነው ቢለኝም ታርጋው ኮድ 3 ነው። ከሦስቱ የማንን ልስማ?

መልስ፦ ሦስቱም አልዋሹዎትም፤ ነገር ግን ሦስቱም የነገሩዎት መኪናውን እነሱ ለያዙበት ሥራ ሲመዝኑት ያገኙትን ነው። የራይድ ሹፌር መኪናን የሚመዝነው በቀን በጠጣው ነዳጅና ባስገባው ገንዘብ ሲሆን፣ በዚህ ሚዛን ዲዛየርን የሚያሸንፍ የቤንዚን መኪና በእኛ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ጎረቤትዎ የፈለጉት ግን ቤተሰብ ጭኖ ዳገት የሚወጣና በኮብልስቶን ላይ ድምፅ የማያሰማ መኪና እንደነበረ ከቅሬታቸው ይታያል፤ በዚህኛው ሚዛን ደግሞ መኪናው ይቀልላል። ስለዚህ በቅድሚያ መኪናው ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ፣ ቀጥሎም ሊገዙት ያሰቡት መኪና ምን ዓይነት ኑሮ እንደኖረ እንዴት እንደሚታወቅ ላስረዳዎ።

ዲዛየር አሁን ያለውን መጠን ያገኘው ከህንድ የታክስ ሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በህንድ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ያነሰና የቤንዚን ሞተሩ ከ1,200 ሲሲ ያልበለጠ መኪና ዝቅ ያለ ታክስ ስለሚከፈልበት፣ ፋብሪካው መኪናውን በ3,995 ሚሊ ሜትር ርዝመትና በ1,197 ሲሲ ሞተር ላይ አቆመው። በፈረንጆች 2017 የወጣውና እርስዎ ያዩት ሦስተኛው ትውልድ 82 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ባዶ ክብደቱ ከ900 ኪሎ ግራም በታች ነው። ባለቤቶቹ የሚያመሰግኑትም የሚያማርሩትም ነገር በአብዛኛው ከዚህ ቅለት የሚመጣ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው ቀላል ስለሆነ ነው፤ የከባድ መኪና ንፋስ ሲመታው በፈጣን መንገዱ ላይ የሚወዛወዘውም ቀላል ስለሆነ ነው።

የጉልበቱ ቅሬታ ብዙ ሰው ያለአግባብ ገንዘብ የሚያወጣበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚሠራው ከአካባቢው በሚስበው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ20 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በወረቀት ላይ 82 የሆነው የፈረስ ጉልበት በአዲስ አበባ ወደ 65 ይጠጋል ማለት ነው። አራት ትልልቅ ሰዎችን ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ በሦስተኛ ማርሽ የእንጦጦን ዳገት ለመውጣት የሚሞክር ሰው መኪናው የታመመ ሊመስለው ይችላል። ይህ ሰው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ካንዴላ ይቀየርለታል፣ ኢንጀክተር ይታጠብለታል፣ አንዳንዴም የነዳጅ ፓምፕ ይለወጥለታል፤ መኪናው ግን እንደነበረው ይቀጥላል። ይህ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ከፍ ባለ ዙር ስለሆነ፣ መፍትሔው ቀድሞ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ማስጮህ ነው፤ አይጎዳውም። አዳማ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምትል እዚያ የሞከሩት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ትንሽ ቢዝል አይደንግጡ። እውነተኛው ብልሽት የሚለየው በሌላ መንገድ ነው። በረጅም ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጡት የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ዙሩም ፍጥነቱም አብረው ከዘገዩ፣ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን ካዩ በኋላ በኮምፒውተር ማስነበብ ይገባል።

አውቶማቲክ ተብሎ የሚሸጠውን ዲዛየር ደላላ ቢያመጣልዎ አንድ ነገር ይወቁ። ይህ መኪና የሚታወቀው ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ የለውም፤ ያው ማንዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለትና ማርሹን የሚቀይርለት መሣሪያ የተገጠመለት ነው። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ፈንታ በነዳጅ ፔዳል አቁሞ የሚይዘው ሹፌር ፍሪሲዮኑን ሳያውቀው ያቃጥለዋል። ማንዋሉን መምረጥዎን እደግፋለሁ።

ስለ ፊት እግሩ መንኳኳት ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ይሁን እንጂ ይህ የመኪናው ዕድሜ ማለቁን የሚያሳይ አይደለም። ከመሬት ያለው ከፍታ 163 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ባዶውን ሲለካ ነው። የፊቱን እግር ከሚይዙት ነገሮች መጀመሪያ የሚያልቁት የስታብላይዘሩ ማያያዣዎችና የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎች ሲሆኑ፣ በኮብልስቶንና በተቆፋፈረ መንገድ ላይ የሚውል መኪና በየጊዜው ይበላቸዋል። ዕቃዎቹ ከባድ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ችግሩ አስመሳይ ዕቃ ተገጥሞ በጥቂት ወር ውስጥ እንደገና መንኳኳቱ ነው። ሲሞክሩት መስኮት ዘግተው፣ ራዲዮ አጥፍተው በዝግታ በኮብልስቶን ላይ ይንዱት፤ ቀለል ያለ ተደጋጋሚ «ቀጭ ቀጭ» የማያያዣው ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ ብቻ የሚሰማ ወፍራም «ዷ» የሚል ድምፅ ግን ከአሞርዛተሩ ወይም ከላይኛው መቀመጫው ሊሆን ስለሚችል በዋጋው ላይ ሊታሰብ ይገባል።

ቆርቆሮው ስስ ነው የሚለውን በተመለከተ፣ በጣት ሲጫኑት የሚገባው የውጭ ልብስ ነው፤ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚጠብቀው ከውስጥ ያለው አጥንትና ኤርባጉ ነው። ስለዚህ የቆርቆሮውን ውፍረት ትተው የቁልፍ ማስነሻውን ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቱን ይመልከቱ። ፈጽሞ ካልበራ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ መብራቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ካዩ ዋጋ መከራከር ውስጥ ሳይገቡ ይመለሱ።

የነዳጁ ነገር አጭር ነው። በህንድ የፍተሻ መለኪያ ማንዋሉ በሊትር 22 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ተመዝግቧል፤ በከተማ መጨናነቅ ይህን ቁጥር አይጠብቁ፤ ከ15 በታች ቢወርድም ሊያስደነግጥዎ አይገባም። የእርስዎ ጉዞ በአብዛኛው በፈጣን መንገድ ስለሆነ ከዘመድዎ የተሻለ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ግን ትርፉ ይጠፋል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ በደረጃ ሲነሳ የዲዛየር ተፈላጊነት የጨመረበት ምክንያትም ይኸው ነው።

መካኒክዎ ያሪስን የመከሩዎት ያለ ምክንያት አይደለም። የቶዮታ ዕቃ በየክፍለ ሀገሩ ሱቅ ይገኛል፣ በየትኛውም ከተማ የሚያውቀው እጅ አለ፣ ሞተሩም ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ነገር ግን ዋጋው ከ2018ቱ ዲዛየር ጋር የሚስተካከለው ያሪስ በአብዛኛው በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ የሚበልጠው ነው፤ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይዝ የጣለው የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የቆየ ቶዮታ በተለመደው መንገድ መግባቱ ስለቀነሰ፣ እዚህ ያለው እየተዘዋወረ ይሸጣል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ያሪስ የስሙን ያህል አይሆንም። እኔ ብሆን፣ ታሪኩ በግልጽ የሚታወቅ ያሪስ ካላገኘሁ በስተቀር ጤናማውን ዲዛየር እመርጣለሁ፤ በገጠር መንገድ የምትኖሩ ብትሆኑ ግን ምርጫዬ ይለወጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥርጣሬ እንምጣ። ኮድ 3 የንግድ ታርጋ ስለሆነ መኪናው የድርጅት ሊሆን ይችላል፣ የራይድም ሊሆን ይችላል፤ «የቤት መኪና» የሚለው ቃል ግን ከታርጋው ጋር አይስማማም። አንድ የራይድ ሹፌር በቀን 150 ኪሎ ሜትር ነድቶ በወር 25 ቀን ቢሠራ በዓመት 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ በዚህ ሒሳብ 78 ሺህ ሁለት ዓመት እንኳ አይፈጅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ዛሬ ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ ቁጥሩን ትተው መኪናውን ያንብቡት። የፔዳሎቹ ጎማ፣ የማርሹ እጀታና የሹፌሩ ቀበቶ ጠርዝ የተነዳውን መንገድ ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ ግን የኋላውን ወንበር ይዩ። በቤት መኪና የኋላ ወንበር እምብዛም አይቀመጡበትም፤ ተሳፋሪ የሚያመላልስ መኪና ግን የቀኝ የኋላ በሩ እጀታ ይፋጫል፣ ማጠፊያው ይላላል፣ የወንበሩ ጨርቅም በዚያው በኩል ይሳሳል። ከዚያም የጎማዎቹን ጎን ይመልከቱ፤ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረቱበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በፈረንጆች የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ጎማዎቹ ሦስተኛ ተራ መቀየራቸው ከታወቀ 78 ሺህ የሚለውን ማመን ያስቸግራል። የራይድ መኪና ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም፤ በጊዜው ዘይት የተቀየረለት 150 ሺህ የሄደ መኪና፣ ዘይቱ ተረስቶ 70 ሺህ ከሄደው ይሻላል። የሚያስከፋው ውሸቱ ነው፤ አንዱን የሸሸገ ሰው ሌላውንም ሳይሸሽግ አይቀርም።

ሞተሩን የሚያዩት ጠዋት፣ ሳይነሳ ያደረ እያለ ነው። ሻጩ «አሙቄ ጠበቅሁዎት» ካለ በሌላ ቀን ይመለሱ። የዚህን ሞተር የቫልቭ ዘንግ የሚያሽከረክረው ካቴና (ሰንሰለት) ነው፤ ካቴናውን የሚወጥረው መሣሪያም የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ከተሰማና ከቀጠለ ዘይቱ ሳይቀየር የቆየ መሆኑን ይጠርጥሩ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ከ3 ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ትንሽ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ብዙ ጋራዥ «መኪናው ስላረጀ» በሚል ወፍራሙን 20-50 ዘይት ይሞላሉ፤ ይህ ለዚህ ሞተር አይሆንም፤ መመሪያው የሚያዝዘው ከ0-20 እስከ 5-30 ያለውን ቀጭን ዘይት ነው። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ጥቁር የሚያጣብቅ ጭቃ ካዩበት፣ ሰማያዊ ጭስም ከታየ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ይክፈቱ፤ ውስጡ ባለቀለም ኩላንት ሳይሆን ዝገት የመሰለ ውኃ ከሆነ፣ የቧንቧ ውኃ ሲሞላለት የኖረ ነውና አሉሚኒየም የሆነው ሞተር ከውስጥ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

በቆርቆሮው ላይ ማግኔት ያዙሩበት፤ የማይይዝባቸው ቦታዎች በስቱኮ የተሞሉ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው የፓራፋንጎ ብሎኖች በቁልፍ የተነኩ መሆን አለመሆናቸውን ይዩ፤ ሥሩንም ጉድጓድ ላይ አስገብተው የዘይት ቋቱ የተመታ፣ ሻንሲውም የተጠገነ እንዳይሆን ይመልከቱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሮችን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት በመኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን በትራንስፖርት ቢሮው ያረጋግጡ፤ በብድር የተገዙ የራይድ መኪኖች ብዙ ናቸውና። ኮድ 3 ሆኖ ለግል አገልግሎት የሚይዙት ከሆነም የታርጋ ለውጡን ሒደትና ክፍያ ከዚያው ጠይቀው በዋጋው ላይ ያስቡት። ገዝተው ሲረከቡ የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮውን፣ የፍሬን ፈሳሹንና ኩላንቱን በአንድ ቀን ያስለውጡ፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያስቀይሩ።