«ምንም የለብሽም» ለተባላችሁ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጥያቄ ላከችልኝ። ሌሊት ሌሊት ልቧ ይመታል፤ ደረቷን ይጨንቃታል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ሄዳ ተመረመረች። ደሟም ልቧም ደህና ነው ተባለች። «ምንም የለብሽም አሉኝ። ታዲያ የሚሰማኝ ምንድን ነው?» ትላለች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነርስ ሆኜ ነው ያረጀሁት፤ አብዛኛውም ዕድሜዬ ያለፈው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ በፊት ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የመለሰለት አልነበረም።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ጎልማሳ ደረቱን በእጁ ይዞ ገባ። ላብ አጥምቆታል። «እየሞትኩ ነው» አለ። አስተኛነው፤ ኢሲጂ (የልብ ምት የሚመዘግበው ምርመራ) ተነሣ። ልቡ ከመፍጠኑ በቀር ሌላ ችግር አልታየበትም። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ፖስታ አወጣና ሰጠኝ። የቀድሞ ምርመራዎቹ ናቸው። ከየቦታው የተሰበሰቡ፣ ማጠፊያቸው ላይ የተቀደዱ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ደህና።

ተረኛው ሐኪም ወረቀቶቹን አየት አድርጎ «ምንም የለብዎትም፤ ቤትዎ ገብተው ይተኙ» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ ደም የሚፈሰው ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። ሰውዬው ግን አልተነሣም። እጁን ዘረጋልኝ። «እስቲ ሲስተር፣ ጣቶቼን ያዣቸው። ደንዝዘዋል። ከንፈሬን ዙሪያውን ይነዝረኛል።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ምንም ከሌለብኝ ይሄ የሚመታው ምንድን ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። አልጋው ይፈለግ ስለነበር ደረቱ ላይ የተለጠፉትን የኢሲጂ ሽቦዎች አንድ በአንድ አነሣሁለት። ሸሚዙን ሲቆልፍ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። የላይኛዎቹን ቁልፎች ሳይቆልፍ ተዋቸው። አዲሱን ወረቀት ከአሮጌዎቹ ጋር ፖስታው ውስጥ ጨመረና ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ያስረዳው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።

የሚቆጨኝ መልሱ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ጭንቀት ነው። ዋልተር ካነን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ፣ ሰውነት አደጋ ሲሰማው ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1915 ጽፎታል። አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል። የፈራ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ከንፈር የሚነዝረው፣ ራስ የሚያዞረው በዚህ ነው። «ጋሼ፣ ልብዎ ደህና ነው፤ የሚሰማዎት ግን እውነት ነው። ሰውነትዎ የሌለ አደጋ እየሸሸ ነው። ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ፍርሃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራው ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል» ለማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ስለዚህ ልጄ፣ የሚሰማሽ እውነት ነው። ልብሽ ደህና መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

«አትጨነቂ» የሚሉሽን አልቆጣቸውም፤ ግን አይሠራም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ መጮኹን አላቆመም። ሐሳብን ሂድ ስትዪው አይሄድም።

ቀጠሮ ስትሰጪው ግን ይታገሣል። የክፍላችን ኃላፊ የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ተረኝነታቸውን ሲጨርሱ አንድ አሮጌ ቅጽ ገልብጠው ጥግ ይዘው ይጽፋሉ። አንድ ቀን ወረቀቱን አሳዩኝ። «የልጁ ፈተና» ይላል። «የሚያፈሰው ጣሪያ።» «ያቺ ሕፃን፣ ትኩሳቷ።» ከጣሪያው ጎን «ነገ ጠዋት ሠራተኛ ይፈለግ» ብለው ጽፈዋል። ከፈተናው ጎን ምንም የለም። «ይሄ የእሱ ሥራ ነው፤ እኔ ምን አደርግለታለሁ?» አሉኝ። ቀን ላይ ሐሳብ ሲመጣባቸው «ማታ፣ ማታ» ሲሉ እሰማቸው ነበር። ሲስቁም ሲቆጡም ድምፃቸው ኮሪደሩን ይሞላው ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ 30 ደቂቃ ለጭንቀት ብቻ ይመደባል። በሌላ ሰዓት ሐሳቡ ሲመጣ «በሰዓቱ እንገናኝ» ብሎ ወደያዙት ሥራ መመለስ ነው። አልጋ ላይ ግን አይሁን። አልጋ ለእንቅልፍ ይቆይ።

ትንፋሽን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ልብ አየር ስናስገባ ፈጠን፣ ስናስወጣ ዘግየት ይላል። ስለዚህ ማስወጣቱን አርዝሙት። በጥልቀት ካልሳብኩ ብላችሁ አትታገሉ፤ ያ ማዞሩን ያባብሰዋል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ካፌይን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የማልወድላችሁ ነገር አለ። ሌሊት ስልክ ይዛችሁ የሕመም ምልክት ትፈልጋላችሁ። ያገኛችሁት መልስ ለጥቂት ጊዜ ያረጋጋችኋል፤ ከዚያ ሌላ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ያ ሰውዬ ከየቦታው የሰበሰበው ወረቀት ዛሬ እናንተ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ማረጋገጫ ሲደጋገም ጭንቀቱን ይቀልበዋል። በሌላ በኩል ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ታወራላችሁ። እኛ በሆዳችን ይዘነው ነው የኖርነው። ሰው ፊት «ጨንቆኛል» ማለት እኔ የቻልኩት ጡረታ ልወጣ ስል ነው።

ሐሳብን አትታገሉ ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ አንዳንዱን እታገለዋለሁ። ወረቀት ላይ አስቀምጬ «ይህን በምን አወቅህ?» እለዋለሁ። በጭንቅላቴ ውስጥ ስከራከር እሸነፋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ እኔ አሸንፈዋለሁ።

የደረት ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በራሳችሁ ጭንቀት ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። መመርመር አለበት። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም፣ ደም ሲያንስም ልብ ይመታል። ተመርምራችሁ ደህና ከሆናችሁ በኋላ ጭንቀቱ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከእንቅልፍ ካገዳችሁ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂዱ። አብዛኛውን ቀን እየተጨነቃችሁ ወራት ማሳለፍ የባሕርይ ድክመት አይደለም፤ የሚታከም ነገር ነው። መነሻው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ሥራ የሆነው፣ ሐሳብንና ድርጊትን አብሮ የሚያየው የንግግር ሕክምና ብዙ ሰው ረድቷል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የሌሊት ተረኛ አለ።