የሚያጨሰው ጫት ላይ ብቻ ከሆነም ሱስ ነው ወይ?

እህቴ፣ የ19 ዓመት ወንድሜ «የማጨሰው ስቅም ብቻ ነው፣ ሱስ የለብኝም» ይለኛል ብለሻል። እኔም ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ በርጫ ላይ ነው የጀመርኩት። የምለውም ልክ እንደሱ ነበር።

በርጫው ሞቅ ሲል አንዱ ይለኩሳል። ሲጋራው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በደሴ ብርድ መስኮት የሚከፍት የለም። የማያጨሰውም ጭሱን ይተነፍሰዋል። ኒኮቲን አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ምርቃናና ጭስ አንዴ አብረው ከተለመዱ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ከጓደኛ ግፊት በላይ ያሰረኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር እይ። ጠዋት ከተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካጨሰ ሱሱ ጠንክሯል ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። እሱ ግን ከሱቅ በፍሬ እየገዛ ይሆናል።

እባክሽ አትቆጪው። ከቆጣሽው ይደብቅሻል። ላቁም ሲልሽ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታገሺው፤ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍም ያጣል። እኔ የተላቀቅኩት በርጫውንም አብሬ ስተው ነው። የመቃሚያ ሰዓት ሲደርስ ኪሴን ቆሎ ሞልቼ ወደ ጦሳ ተራራ በእግሬ እወጣ ነበር።