የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የጋራ ሣጥኑን ቁልፍ ማን ይያዝ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በምንኖርበት ሰፈር የሚገኙ ሦስት ዕድሮች እንዲዋሐዱ ከተወጠነ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ የአንደኛው ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሁሉም «አንድ እንሁን» ይላል፤ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ ነገር ሲነሣ ግን ጉባኤው ይበተናል። በቅርቡ የታሪክ መምህር የሆኑ ጎረቤታችን «አሜሪካኖችም ከእንግሊዝ እስኪጣሉ ድረስ አንድ ስለ መሆን አስበው አያውቁም» አሉ። እኔ ደግሞ ከአሜሪካ መሥራች አባቶች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከዚያ በፊት የኅብረት ዕቅድ አውጥቶ እንደ ነበር አንብቤአለሁ። ማናችን ልክ ነን? ዕቅዱስ ለምን ሳይሠራ ቀረ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ እርስዎ ከጎረቤትዎ ይልቅ ለእውነቱ ቀርበዋል፤ ነገር ግን የኅብረቱ ሐሳብ ከፍራንክሊንም በመቶ ዓመት ይቀድማል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1643 ማሳቹሴትስ፣ ፕሊማውዝ፣ ኮኔቲከትና ኒው ሄቨን የተባሉት በአሜሪካ የነበሩ አራት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በጋራ ለመከላከል ተስማምተው ማኅበር መሠረቱ። እያንዳንዳቸው ሁለት ኮሚሽነር ይልካሉ፤ ከስምንቱ ስድስቱ ከተስማሙ ውሳኔው ይጸናል። ጎረቤታቸው ሮድ አይላንድ ግን በሃይማኖት አቋሟ ስለተጠላች ከማኅበሩ ውጪ ቀረች። ይህችን ትንሽ ቅኝ ግዛት ያስታውሷት፣ በኋላ እንመለስባታለን።

የማኅበሩ ችግር ከውሉ ውስጥ ይነበባል። ጦር በሚዘምትበት ጊዜ ማሳቹሴትስ መቶ ሰው ስታዋጣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አርባ አምስት ያዋጣሉ፤ በድምፅ ግን ሁሉም እኩል ናቸው። ብዙ የሚከፍለው ወገን ከትንሹ ጋር እኩል ተቀምጦ በድምፅ መሸነፉን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሥ፣ በዕድር ሸንጎ የተቀመጠ ሰው አያጣውም። በእርግጥም በ1653 አብዛኞቹ ኮሚሽነሮች በኔዘርላንድ ሰፋሪዎች ላይ ጦርነት እንዲከፈት ሲደግፉ ማሳቹሴትስ «አልዘምትም» አለች፤ ማኅበሩም የሚያስገድድበት ኃይል አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ስሙ ለብዙ ዓመታት ቢቆይም ክብደቱ አልተመለሰም።

ሁለተኛው ሙከራ ከላይ የመጣ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ በ1686 ሰር ኤድመንድ አንድሮስን ገዥ አድርጎ ሰሜናዊዎቹን ቅኝ ግዛቶች በአንድ አስተዳደር ጠቀለላቸው፤ በ1688 ኒውዮርክና ኒው ጀርሲም ተጨመሩ። ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ተሽሮ ግብር በገዥው ትእዛዝ ተጣለ፣ የመሬት ባለቤትነት እንደገና ይረጋገጥ ተባለ። አንድሮስ የኮኔቲከትን ቻርተር፣ ማለትም የመተዳደሪያ ሰነዷን፣ ሊወስድ ሃርትፎርድ በደረሰ ጊዜ በስብሰባው መካከል ሻማው ጠፍቶ ሰነዱ ከጠረጴዛው ላይ እንደ ተሰወረና በአንድ የኦክ ዛፍ ሆድ ውስጥ እንደ ተደበቀ ይተረካል። (እኛ ዋርካ ሥር እንዳኛለን እንጂ መተዳደሪያችንን በዋርካ ሆድ አንደብቅም፤ ተረኩ ቢጋነን እንኳ ሰዎቹ ለሰነዳቸው የነበራቸውን ፍቅር ያሳያል።) ጄምስ ከዙፋኑ መውረዱ በተሰማ ጊዜ የቦስተን ሰዎች ሚያዝያ 18 ቀን 1689 ተነሥተው አንድሮስን አሰሩት። ከዚያ ወዲህ «አንድ መንግሥት» የሚለው ቃል በብዙዎች ጆሮ የአንድሮስን ድምፅ ይዞ ይገባ ጀመር። በእኔ አስተያየት የፍራንክሊን ዕቅድ ዕዳ የወረሰው ከዚህ ነው።

ወደ ፍራንክሊን ስንመጣ ዘመኑ 1754 ነው። ፈረንሳዮች በኦሃዮ ሸለቆ ምሽግ እየሠሩ ነበር፤ የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የኢሮኳ ሕዝቦችም ከእንግሊዝ ጋር በነበራቸው ወዳጅነት ቅር ተሰኝተው ነበር። ግንቦት 9 ቀን ፍራንክሊን ፔንሲልቫኒያ ጋዜት በተባለው ጋዜጣ ላይ በስምንት የተቆራረጠ እባብ ሥሎ «ተባበሩ ወይም ሙቱ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አወጣ፤ በራሱ ላይ የኒው ኢንግላንድ፣ በጅራቱ ላይ የሳውዝ ካሮላይና ስም ምሕጻር ተጽፎበታል። በሰኔ ወር የሰባት ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በአልባኒ ተሰበሰቡ። ስብሰባው ገና ሳያበቃ ወጣቱ ጆርጅ ዋሽንግተን በኦሃዮ ድንበር ለፈረንሳዮች እጁን ሰጠ። ስለዚህ «ጠላት ከመጣ አንድ እንሆናለን» የሚል አሳብ በዚህ ላይ አይጸናም፤ ጠላቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ፍራንክሊን በዚህ ስብሰባ ያቀረበው የኅብረት ዕቅድ በንጉሡ የሚሾም አንድ ጠቅላይ ፕሬዚዳንትና በየቅኝ ግዛቱ ምክር ቤቶች ለሦስት ዓመት የሚመረጡ 48 አባላት ያሉበት ታላቅ ምክር ቤት እንዲኖር ያዛል። ማሳቹሴትስና ቨርጂኒያ ሰባት ሰባት፣ ሮድ አይላንድና ኒው ሃምፕሺር ሁለት ሁለት መቀመጫ ተመደበላቸው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በኋላ ግን የመቀመጫው ቁጥር፣ ከሁለት ሳያንስ ከሰባትም ሳይበልጥ፣ በሚያዋጡት ገንዘብ እንዲወሰን ተደረገ። የ1643ቱ ሕመም እዚህ ላይ መድኃኒት ተፈልጎለታል። አሁን ወደ እርስዎ ሣጥን ልምጣ፦ ምክር ቤቱ አንድ ጠቅላይ ገንዘብ ያዥ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በየቅኝ ግዛቱ አንድ አንድ ገንዘብ ያዥ ይሾማል፤ ገንዘቡ በየቦታው ሊቀመጥ ይችላል፣ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱና ምክር ቤቱ በጋራ ካላዘዙ አይወጣም። ማለትም ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ነበረው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አላዳነውም፤ ያጸደቀው አንድም የቅኝ ግዛት ምክር ቤት አልተገኘም። ግብር የመጣልን ሥልጣን ለሌላ ማካፈል አልፈለጉም። ፍራንክሊን ራሱ በኋላ እንደ ገለጸው ምክር ቤቶቹ ዕቅዱን ለንጉሡ ሥልጣን አብዝቶ የሚያደላ ሲሉት፣ እንግሊዝ ደግሞ ለሕዝብ አብዝቶ የሚያደላ ብላ ጠላችው።

በ1765 የዘጠኝ ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች እንግሊዝ የጣለችውን የቴምብር ቀረጥ ለመቃወም በኒውዮርክ ቢሰበሰቡም የጋራ መንግሥት አላቋቋሙም። ከእንግሊዝ ጋር የነጻነት ጦርነት ከገጠሙም በኋላ ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተፈታም፤ በ1781 የጸደቀው ግዛቶቹን ያስተሳሰረ የኮንፌዴሬሽን ውል ለጋራ ምክር ቤታቸው ለኮንግረሱ ግብር የመጣል መብት ስላልሰጠው ከየግዛቱ ገንዘብ መለመን ብቻ ቀረለት። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ ይጣል ተብሎ ሲቀርብ ውሉን ለማሻሻል የሁሉም ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና በ1782 ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ ብላ አስቀረችው። በ1787 ዛሬም የሚሠራበት ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ ሲረቀቅም ተወካይ ያልላከችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ስለ ሦስቱ ዕድሮች፣ የሁለቱን ቁልፍ ነገር ለጉባኤው አቅርበው የሚሆነውን ቢጽፉልን ደስ ይለናል።