«ሆው» ምን ያህል «በጣም» ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የልብስ ሱቅ አለኝ፤ ዕቃ የማመጣው ከቻይናዋ ጓንግዙ ነው። ካንቶኒዝ የሚናገሩ ሻጮች በየቃሉ ፊት «ሆው» ይላሉ፤ አንዳንዴም «ሆው ጐይ»። ሁለቱም «በጣም» ናቸው? እኔ «ሆው ጐይ» ስል ሻጩ ዝም ብሎ ያየኛል።

መልስ፦ ዝም የሚልዎት ቀሪውን እየጠበቀ ነው። «ጐይ» እንደ ዜማው ሁለት ቃል ነው። በመካከለኛ ድምፅ እኩል ከተባለ «ውድ» ነው። ከታች ተነስቶ ሽቅብ ከወጣ ግን «ጋኔን» ነው፤ ማጋነኛ ሲሆን ከኋላው ቅጽል ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ዋጋ ሲያስደነግጠን የቃሉን ጫፍ ወደ ላይ እንስበዋለን፤ ያኔ ውዱ ጋኔን ሆኖ ያርፋል። ግርምትዎን በፊትዎ ያሳዩ፣ ዜማውን አይንኩት። ለልምምድ ሦስቱን አከታትለው ይበሉ፦ «ሆው» ሽቅብ፣ «ጐይ» ሽቅብ፣ «ጐይ» እኩል። «የጉድ ውድ ነው» እንደማለት ነው።

«ሆው» ብቻውን «በጣም» ቢባልም ክብደቱ ቀላል ነው። «እሱ ረጅም ነው» ሲሉ «ኮይ ሆው ጎው» ይላሉ። «ሆው» ከወጣ ከሌላ ሰው ጋር ያነጻጸሩት ይመስላል። የምር «በጣም» ለማለት «ሆው»ን ረገጥ አድርገው ያስረዝሙት።

ጋኔኑ «ጐይ ገም» ሆኖም ይመጣል፤ «ጐይ ገም ጉይ» ማለት ክፉኛ መድከም ነው። (የእኛ «ክፉኛ» ውስጥስ ክፉው ማን ይሆን?) «ሴይ»፣ ማለትም ሞት፣ ከቅጽሉ በኋላ ይገባል፦ «ጉይ ሴይ»፣ በድካም ሞትኩ። ወጣቶች የሚያዘወትሩት «ቺው»፣ ማለትም «እጅግ»፣ ከቅጽሉ ፊት ይቀድማል፤ ነውር የለበትም። ጋኔኑ «ጐይ» ግን የባልንጀራ ወግ ነውና በዕድሜ ለሚበልጥዎ አይበሉት። በሆንግ ኮንግ ፊልሞች ማጋነኛ ሆነው የሚሰሙት ስድቦችማ ጭራሽ ይቅሩብዎ።

ለድርድር የሚበጀው «ታይ ጐይ ላ» ነው፦ ከልክ በላይ ተወዷል። «ያን ያህል ውድ አይደለም» ለማለት ማፍረሻውን ከ«ሆው» ያስቀድሙ፦ «ም ኸይ ሆው ጐይ»። ሻጩ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ግን የመላ ቻይና መግባቢያ የሆነው ማንዳሪን ይሻላል። እዚያ «በጣም ውድ» «ኸን ጉዌይ» ነው፤ የ«ጉዌይ» ድምፅ ከላይ ወደ ታች ቁልቁል ይወርዳል።