ስሙን ማን ፋቀው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ጠዋት ጠዋት ዳዊቴን ሳልደግም ከቤት አልወጣም። ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን አንድ ወሬ ይዞ መጣ። «የአምላክ ስም ያህዌ ነው፤ እናንተ መጽሐፍ ላይ ግን ሆን ተብሎ ተፍቆ እግዚአብሔር ተብሏል» ይለኛል። አክስታችን ደግሞ «የለም፣ ይሖዋ ነው» ትላለች። ቡና በተፈላ ቁጥር ጭቅጭቅ ሆኗል። እውነት ስሙ ተፍቋል? እኔስ ስጸልይ ማንን ነው የምጠራው?
ሰ. ከአዳማ

መልስ፦ እህት ሰ.፣ በመጀመሪያ ዳዊትዎን እንዳያቋርጡ።

ወንድምዎ ግማሹን እውነት ይዟል። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ውስጥ የአምላክ የተጸውዖ ስም በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ወደ 6,800 ጊዜ ያህል ይገኛል። በአማርኛው በአብዛኛው «እግዚአብሔር» ሆኖ ነው የሚነበበው። እስከዚህ ድረስ ከወንድምዎ ጋር ነኝ።

«ሆን ተብሎ ተፋቀ» የሚለው ላይ እንለያያለን። ስሙን ላለመጥራት የወሰኑት ተርጓሚዎች አይደሉም፤ አይሁድ ራሳቸው ናቸው። ያውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ፣ ከአክብሮት የተነሣ። ዓይናቸው አራቱን ፊደላት እያየ አፋቸው «አዶናይ»፣ ማለትም «ጌታዬ» ይላል። ዛሬም በምኵራብ እንደዚያው ነው። ጽሑፉን ግን ማንም አልነካውም። እንዲያውም በሙት ባሕር አጠገብ ከተገኙት ጥቅልሎች አንዳንዶቹ ሌላውን ሁሉ በተለመደው ፊደል ጽፈው፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ ወደ ጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል ይዞራሉ። ለመፋቅ የተነሣ ሰው እንዲህ አይደክምም።

ቀጥሎ የግሪኩ ትርጉም መጣ። ከጥንታዊዎቹ የግሪክ ቅጂዎች አንዳንዶቹ በግሪክኛው መሐል አራቱን ፊደላት በዕብራይስጥ እንዳሉ ትተዋቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ፣ ግብፅ ውስጥ የተገኘ የዘዳግም ፓፒረስ አለ፤ እሱ ላይ ይታያል። በኋለኞቹ የክርስቲያን ቅጂዎች ግን «ኪርዮስ»፣ ጌታ፣ የሚለው ቦታውን ያዘ። የእኛ አባቶች ብሉይን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪኩ ነው። ያላዩትን ደግሞ አይፍቁም።

አሁን ወደ አክስትዎ። ዕብራይስጥ ድሮ የሚጻፈው ያለ አናባቢ ነበር። ከ6ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ማሶሬቶች የሚባሉ ሊቃውንት ንባቡ እንዳይጠፋ ነጥቦች ጨመሩበት። አራቱ ፊደላት ላይ ሲደርሱ አንባቢው «አዶናይ» ማለቱን እንዲያስታውስ የአዶናይን አናባቢዎች አስቀመጡ። ከዘመናት በኋላ አውሮፓውያን የአንዱን ፊደልና የሌላውን አናባቢ አንድ ላይ አነበቡት። «ይሖዋ» የመጣው ከዚያ ነው። «ያህዌ» ደግሞ የምሁራን ግምት ነው፤ ደህና መሠረት ያለው ግምት። ቴዎዶሬጦስ የሚባል የ5ኛው መቶ ዘመን ጳጳስ ሳምራውያን ስሙን «ያቤ» ብለው እንደሚጠሩት ጽፏል። የሚገርመው ግዕዝም ምስክር ሆኖ ተጠርቷል። ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ አስተማራቸው የሚባሉ የአስማት ስሞች ዝርዝር አለ፤ እዚያ ውስጥ «ያዌ» የሚል ስለሚገኝ ምሁራኑ ይጠቅሱታል። የደብተራ አስማት ለዕብራይስጥ ሊቃውንት ይጠቅማል ብሎ ማን ያስባል!

የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ጭቅጭቅ የተመቸ ነው። አናባቢውን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር፣ እንደ ዕብራይስጡ አራቱን ፊደላት ብቻ አስቀምጦ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ያ» ወይ «ይ»፣ «ህ» ወይ «ሖ»፣ የግድ አንዱን መምረጥ ነው።

እስኪ አንድ ነገር ያድርጉ። መዝሙር 110ን ይክፈቱ፤ በግዕዙ ዳዊት 109 ነው። ግዕዙ «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ ንበር በየማንየ» ይላል። የኔታ ዘንድ በዜማ ስናነበንበው ሁለቱ «እግዚእ» መንታ ይመስሉ ነበር። ግሪኩም እንደዚያው ነው፤ ሁለቱም ቦታ «ኪርዮስ»። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ግን «እግዚአብሔር ጌታዬን … በቀኜ ተቀመጥ አለው» ይላል። ተርጓሚዎቹ ወደ ዕብራይስጡ ተመልሰው አይተዋል። የመጀመሪያው አራቱ ፊደላት ነው፤ ሁለተኛው ለሰውም የሚሆን «ጌታ» ነው። እንግሊዝኞች ይህን ለመለየት የመጀመሪያውን በትልልቅ ፊደል ይጽፉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ በቃል ለዩት። እዚህ ላይ አማርኛው ስሙን ጭራሽ አልፋቀም፤ ከግዕዙ ይልቅ ለይቶ አሳይቷል።

ወንድምዎ መከራከር ካማረው ግን የተሻለ ቦታ ልጠቁመው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ «እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» የሚለው በዕብራይስጡ ኤሎሂም ነው፤ አምላክ ማለት ነው። ምዕራፍ 2 ቁጥር 4 ላይ «እግዚአብሔር አምላክ» ሲል ግን የመጀመሪያው ቃል አራቱ ፊደላት ነው። አማርኛው ለሁለቱም «እግዚአብሔር» ስላለ፣ ስሙ መጀመሪያ ብቅ የሚልበትን ቦታ አንባቢው ሳያውቅ ያልፈዋል። ለእኔ ጉድለቱ ይሄ ነው። አሳታሚዎች በግርጌ ማስታወሻ ቢጠቁሙ ምን ነበረበት?

አዲስ ኪዳን ላይ ሙግቱ ያነሰ ነው። በእጃችን ካሉት የግሪክ ቅጂዎች አንዱም አራቱን ፊደላት አልያዘም። ራእይ 19 ላይ «ሃሌ ሉያ» ሲባል ብቻ የስሙ አጭር ቅርጽ፣ «ያ»፣ ይሰማል። እግረ መንገዴን፣ የወንድምዎ ስም ኤርምያስ ወይም ዘካርያስ ከሆነ እሱም ይዞት ይዞራል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የግሪክ ጭማሪ ናት።

ማንን ነው የምጠራው ላሉት፦ እግዚአብሔር ማለት የብሔር፣ የአገር፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በግዕዝ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ «እግዚአ ሰማይ» ብሎ ጠርቶታል፤ አነጋገሩ የአንድ ቤት ነው። ቤተ እስራኤልም «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» እያሉ ሲጸልዩ ኖረዋል። የሚጠሩት ሙሴን በቁጥቋጦው ውስጥ ያነጋገረውን ነው፤ ሌላ ማንንም አይደለም።

ጥያቄ፦ «የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» ተብሏል። እኔ በየደቂቃው «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?
ተ. ከሪያድ

መልስ፦ አይሆንብህም፣ ወንድሜ። ትእዛዙ በዋናነት በስሙ በሐሰት መማልን ነው የሚከለክለው። ሩት 2፥4ን ተመልከት። ቦዔዝ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላቸዋል፤ እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ይሉታል። በዕብራይስጡ ሁለቱም ቦታ አራቱ ፊደላት ናቸው። የእርሻ ላይ ሰላምታ ነው እንግዲህ። ላኪሶ በምትባለው የይሁዳ ከተማ በ1935 እ.ኤ.አ. የተገኙ የሸክላ ስባሪ ደብዳቤዎችም አሉ፤ ወታደሩ ለአለቃው ሲጽፍ «ያህዌ መልካም ወሬ ያሰማህ» ብሎ ይጀምራል። አንተም ምስጋናህን ቀጥል፤ ሐሰተኛ መሐላ ብቻ ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ትንሽ የልብስ ሱቅ ልከፍት ነው። ታፔላው ላይ «ጂሆቫ ጃይራ» ላስጽፍ ወይስ «ያህዌ ይርኤ»?
ሀ. ከሀዋሳ

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ናቸው። አብርሃም በይስሐቅ ፈንታ የሚሠዋውን በግ ያገኘበት ቦታ ስም ነው፤ ዘፍጥረት 22፥14። «ይርኤ» ማለት ያያል ማለት ነው፤ ከግዕዙ «ርእየ» ጋር ዘመድ ነው። ቁጥር 8 ላይ ያው ግሥ «ያዘጋጃል» ተብሎ ተተርጉሟል። «ጂ»ዋ የመጣችው በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ ዕብራይስጡ «ጀ» የሚል ድምፅ የለውም። እንግዲህ የአማርኛው መጽሐፍዎ እንዳለው «ያህዌ ይርኤ» ያስጽፉ። ጻፊው «ይሬ» እንዳያደርገው በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ከሥሩም «የልብስ መሸጫ» የሚል አይርሱ፤ አለዚያ የመዝሙር ሲዲ ፍለጋ የሚገባው ይበዛብዎታል።